አማቴን ሳላንገጫግጭ ወደ ፍቼ

ከጉለሌ ፍቼ ያለውን መንገድ ብዙ ሰው አውቀዋለሁ ይላል። እኔም እል ነበር። ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ባለቤቴ አገር በሚኒባስ ስንሄድ ሱሉልታ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ፍቼ መግቢያ ላይ ባለቤቴ ይቀሰቅሰኛል፤ ለእኔ መንገዱ ይኸው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ራሴ ነድቼ ሄጄ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ጎረቤት አውቄ ተመለስኩ። የልብስ ስፌት ቤቴ ደንበኞች ልኬታቸውን ትተው ስለ መንገዱ ይጠይቁኝ ስለጀመሩ፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ ተናግሬ ልገላገል ብዬ ነው የጻፍኩት። አብዛኞቹ ከአዲሱ ገበያ በላይ ወጥተው አያውቁም፤ ይህን ካነበቡ በኋላም የሚወጡ አይመስለኝም።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። የባለቤቴ አባት አባባ ደምሴ ከፍቼ መጥተው ጳውሎስ ሆስፒታል የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርገው ነበር። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ሲያስረዳቸው፣ ሆዳቸው ላይ ያለው ስፌት እስኪድን ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ሲያስላቸውም ሲያስቃቸውም ትራስ ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው እንዲይዙ፣ መንገድ ከሄዱ ደግሞ እንዳይንገጫገጩ አሳሰባቸው። እኛ ቤት እንዲሰነብቱ አልጋ አዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ግን ቅዳሜ የገብርኤል ማኅበር ተረኛ ነበሩ። ማኅበርተኛው በሙሉ እሳቸው ቤት ሊመጣ ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎው ሊጋገር ነው። ባለቤቱ ጉለሌ ተኝቶ እንግዳ እንዴት ይገባል? በሚኒባስም ቢሆን እሄዳለሁ አሉ። ሐኪሙ ሚኒባስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ።

አባባ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጃቸው ሰለሞን፣ ማለትም ባለቤቴ፣ መኪና አይነዳም። ልጅ እግር ሳለ አባቱ ሊያስተምሩት አንድ ቀን ከሰዓት ሞክረው ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ ሲይዝ እጁን ያልበዋል። ስለዚህ የቤታችን ሹፌር እኔ ነኝ። በአሮጌዋ ዲኤክሳችን ከመርካቶ ጨርቅ አመላልሳለሁ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ዲኤክሷን እወዳታለሁ፤ ግን ጤነኛ ሰው እንኳ ከሷ ሲወርድ ወገቡን ይዞ ነው። የተሰፋ ሆድ አይጫንባትም።

ሐሙስ

ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ከገዛት ብዙም ያልቆየች የኤሌክትሪክ መኪና አለችው። የመቀመጫዎቿ ላስቲክ ገና አልተነሳም። አውሰኝ ስለው መጀመሪያ ሰበብ ደረደረ። በመጨረሻ እሺ ብሎ፣ ግን መጀመሪያ ልትለማመጃት ይገባል፣ ጉልበቷ ከዲኤክስ ጋር አይገናኝም አለኝ። አንተን ትምህርት ቤት ያመላለስኩህ እኔ ነኝ፣ መንዳት አታስተምረኝም አልኩት። ያም ሆኖ ሄድን።

ሸጎሌ ከከብት ገበያው ማዶ ያለ ሜዳ ወሰደኝ። ቢኒያም መንገድ ላይ የገዛውን ማኪያቶ እንደያዘ ከጎኔ ተቀመጠ። አንድ ቁልፍ ብጤ ተጫንኩ፣ ስክሪኑ በራ፣ ሌላ ምንም ነገር የለም። ተነስታለች ወይ አልኩት። ተነስታለች አለኝ። እንደ ልማዴ እግሬን ጫን አደረግሁ። ዲኤክሷን ጫን ስታደርጓት መጀመሪያ ታስባለች፣ ቀጥሎ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ይቺ አላሰበችም። ጭንቅላቴ ከወንበሩ ተጣበቀ፣ ሜዳው ወደ እኔ መጣ። ደንግጬ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ፍሬን የረገጥኩ ያህል ቀጥ ስትል ግንባሬ ወደ መሪው ሄደ። ማኪያቶው ለቢኒያም ሸሚዝና ለመቀመጫው ተካፈለ። ላስቲኩ ለምን እንዳልተነሳ ያኔ ገባኝ።

ቢኒያም ሸሚዙን እየጠረገ አስረዳኝ። እግር ሲነሳ መኪናዋ ፍጥነቷን መልሳ ወደ ባትሪ ታስገባለች፣ ስለዚህ በራሷ ትይዛለች። ቀስ ብለሽ ስጪ፣ ከሰጠሽበት ይበልጥ ቀስ ብለሽ ንሺ አለኝ። በአፍ ቀላል ነው። ሜዳውን ስንዞር እንደ እንቁራሪት ነበር የምንሄደው።

በዚያ ላይ ድምፅ የላትም። ከገበያ የሚመለሱ በጎች መንገዱን ሞልተው ሲሄዱ ከኋላቸው ደርሰን ቆምን፣ አንዱም ዞር አላለም። ባለቤታቸው ድንገት ሲዞር አፍንጫው ላይ መኪና አየ። አልተቆጣም። ወደ ኋላችን ዞሮ ሄደና የሚገፋን ሰው ፈለገ። ማንም እንደሌለ ሲያይ ተመልሶ፣ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ልግፋላችሁ ወይ ብሎ ቢኒያምን ጠየቀው።

ማምሻውን መኪናዋ እኛ ግቢ አደረች። ገመዷን ሰክተን፣ ጠዋት ሞልታ ትጠብቅሻለች ብሎኝ ቢኒያም ሄደ። ሲወጣ ስልኩን አሳየኝ፤ መኪናዋ የትም ብትሆን የት እንዳለች፣ ባትሪዋ ምን ያህል እንደቀረ እዚያ ላይ ይታየዋል። ብቻሽን አይደለሽም አለኝ። ያጽናናኝ መስሎታል።

እራት ሳንበላ መብራት ጠፋ።

ዓርብ

መብራቱ አልመጣም። ባትሪው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሏል። ቢኒያም ከስልኩ አይቶ ደወለልኝና፣ በሥርዓት ከነዳሽ ፍቼ ያደርስሻል አለ። በሥርዓት የምትለዋን ቃል ረገጥ አደረጋት።

የመውጫ ወረቀቱ እስኪያልቅ፣ መድኃኒቱ ከፋርማሲ እስኪገዛ ከሰዓት ሆነ። አባባ ደምሴ በሰለሞን ተደግፈው፣ ትራሳቸውን ታቅፈው ወጡ። መኪናዋን ሲያዩ ሕመማቸውን ረሱት። ዞሯት፣ ጎማዋን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ስንት ሲሊንደር እንደሆነች ጠየቁኝ። ምንም ሲሊንደር የላትም አልኳቸው። ይቺ ሴት ምን ነካት በሚል ዓይን ልጃቸውን አዩት። የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ ዘርግተን እሳቸውን የኋላው መቀመጫ ላይ አስደግፈን ስናስተኛቸው፣ ከተጋደሙበት የሚታያቸው ጣሪያውና ትንሽ ሰማይ ብቻ ነበር። ሰለሞን ልጆቹን መጠበቅ ስለነበረበት ቀረ። ሲሰናበተን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ የሚሉሽን ሁሉ እሺ በያቸው አለኝ።

ከጳውሎስ አዲሱ ገበያ እስክንደርስ ስንት ጊዜ "እህ" እንዳሉ አላውቅም። ታክሲ ፊቴ ገብቶ ሲቆም እግሬን አነሳለሁ፣ መኪናዋ ቀጥ ትላለች፣ ከኋላ እህ ይላሉ። ጫን ሳደርግ ትፈናጠራለች፣ እህ ይላሉ። ያን ዕለት ጉለሌ ውስጥ የማውቀው መንገድ ሁሉ ጠላት ሆነብኝ። በዲኤክሷ ስሄድበት ጉብታ እንዳለው እንኳ የማላውቀው አስፋልት ጥርስ አወጣ።

ዳገቱ ላይ ብሶብኝ አረፈ። አንድ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ እየለቀቀብን ከፊቴ ሲንፏቀቅ ልቅደመው ብዬ ብጫናት፣ የጭነት መኪናው ወደ ኋላ የተወረወረ ያህል ጥለነው ሄድን። ለእኔ ደስ ይል ነበር። አባባ ደምሴ ግን ትራሱን በሁለት እጃቸው ጨምቀው፣ ሞተሩ ጠፍቷል አሉኝ። አልጠፋም አልኳቸው። ድምፁ የለማ፣ በዳገት አጥፍተሽ ትነጃለሽ እንዴ አሉ። ማርሽ ቀይሪ አሉኝ። ማርሽ የላትም አልኳቸው። በዓለም ላይ ማርሽ የሌለው መኪና የለም፣ ሹፌሩ የማያውቀው ማርሽ ግን ሊኖር ይችላል አሉ። ክርክሩ ድምፃቸውን ከፍ አስደረጋቸው፣ ድምፃቸው ደግሞ ስፌቱን ሳበው። ሰለሞን ያለኝ ትዝ አለኝ። ቀኝ እጄን ወንበሮቹ መሃል ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ላይ ጣል አድርጌ፣ "ቀየርኩ አባባ" አልኳቸው።

ትንሽ አዳመጡ። "አየሽ? አሁን ተነፈሰች" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሱሉልታ ድረስ በየዳገቱ ቀየርኩላቸው።

ሱሉልታ ስንደርስ ቢኒያም ደወለ። ዳገቱን እንደ አሸናፊ በመውጣቴ ከነበረኝ ባትሪ ብዙውን እዚያው ጨርሼዋለሁ። የዲኤክሷ የቤንዚን ጠቋሚ ከቆመ ዓመታት ስላለፉ የምነዳው በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ሰውን አያስጨንቅም። ይቺ ግን የቀራትን ኪሎ ሜትር ቁልጭ አድርጋ ትጽፈዋለች፣ በሄድኩ ቁጥር ትቀንሰዋለች። እስከ ፍቼ የቀረንና ስክሪኑ ላይ የቀረን እኩል አልነበሩም።

ጫንጮን እንዳለፍን ሜዳው ተዘረጋ። ጉለሌ ውስጥ ዓይን ሩቅ ሲሄድ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ግድግዳ ይይዘዋል። እዚህ ላም ማዶ ላይ ነጠብጣብ ሆና ትታያለች። ሰፊ ነገር ሳይ ጭንቀቴ ቀለል አለና ስለ ስፌት መኪናዬ አሰብኩ። ለዓመታት በእግር በሚረገጠው ስሠራ ቆይቼ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የገዛሁ ጊዜ፣ ፔዳሉን ስነካው ጨርቁን ይዞ እየሮጠ አንድ ሳምንት ሙሉ የሰው ዩኒፎርም አበላሽቻለሁ። የዳንኩት ጫማዬን አውልቄ በአውራ ጣቴ መንካት ስጀምር ነው። ዳር ይዤ ቆምኩ። ባለ ወፍራም ሶሉን ጫማዬን አወለቅሁና በካልሲ ተነሳሁ። ፔዳሉን ልጅ የተኛበትን አልጋ እንደሚነካ ሰው ነካሁት። መኪናዋ ተንሸራተተች። ለማንሳትም እንደዚያው፣ ስፌት መጨረሻ ላይ መርፌው ቀስ እንዲል እንደማደርገው አደረግሁ። ያዝ አላደረገችም፣ ረገብ አለች።

ከኋላ ድምፅ ጠፋ። ፈራሁ። አባባ፣ ደህና ነዎት ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

"ዝም በይ እስቲ፣ ሞተሩን እየፈለግሁ ነው" አሉኝ።

ሙከጡሪ ስንገባ ዝናብ ጀመረ፣ ስክሪኑም ቀላ። ማደር ግድ ሆነ። መጀመሪያ ያገኘነው ሆቴል ባለቤት እሺ ብሎ በመስኮት በኩል ገመድ አወጣልኝ። ስሰካው አዳራሹ ጨለመ። ለካ ጭነት በዝቶበት የቆጣሪው ብሬከር ጥሎ ነው። ውስጥ የኳስ ጨዋታ የሚያይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ላይ ዞረው ገመዱን፣ ከገመዱም እኔን አዩ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፣ አልጮኸብኝም። ጃንጥላ ይዞ ራሱ ወጥቶ፣ ጠንካራ መስመር ያለው አቶ በዳዳ ወፍጮ ቤት ነው ብሎ መንገዱን አሳየኝ። ቶሎ እንድሄድለት ፈልጎም ይሆናል።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አህዮች ጭነታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አቶ በዳዳ ዱቄት እስከ ቅንድቡ የለበሰ ረጅም ሰው ነው። ችግሬን ሰማኝ፣ መኪናዋን አየ፣ አህዮቹን አየ። እኔ ወፍጮውን እያስኬድኩ አንቺን ብጨምር መስመሩ አይችልም፣ ሰዎቹ ደግሞ ከጠዋት ጀምረው ነው የቆሙት፣ ተራ ተራ ነው አለኝ። ተገቢ ነው። መኪናዋን ከመጨረሻዋ አህያ ኋላ አቆምኳት። አህያዋ ዞራ መስታወቱን አሸተተችና ፊቷን መለሰች። ሰልፉ ወደፊት ሲራመድ እኔም እራመዳለሁ። ትንሽ በትንሽ መሄድን በደንብ የተማርኩት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው፤ አህያዋን ገጭቼ የሰው ጤፍ ጭቃ ላይ ከማፈስ ባትሪው ቢያልቅ ይሻለኝ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ወፍጮው ቆመ፣ ገመዱ ተሰካ፣ ምንም አልጠፋም። የተፈጨላቸው ሰዎች ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ መኪና መብራት ሲበላ ሊያዩ ከበው ቆሙ። የሚታይ ነገር ባለመኖሩ ትንሽ ቅር ብሏቸው ተበተኑ።

የአቶ በዳዳ ባለቤት ወይዘሮ ዲንቄ በሽተኛ አለ ሲባል ሰማችና ሌላ ቤት አትሄዱም አለች። አልጋቸውን ለአባባ ለቀቁ። አገሩ የወተት አገር ነው፤ ደጁ ላይ ስድስት ላሞች ቆመዋል፣ ጓዳው በእርጎ ጠረን ተሞልቷል፣ ቀኑ ግን ዓርብ ነበር። በሽሮና በጎመን አስተናገደችን። ጉለሌ ወተት የምናገኘው ተሰልፈን ነው፤ እዚያ ወተት መሃል ተቀምጬ ሽሮ ስበላ ሳቄ መጣ። አባባ ለሐሞታቸው ሲባል ቅባት ስለተከለከሉ እሳቸው ምንም አልቀረባቸውም፤ እንደውም የጓደኛ ጾም ያጣፍጣል አሉ።

ከእራት በኋላ አባባና አቶ በዳዳ ወሬ ያዙ። አባባ ሞተር የሌለው መኪና ላይ እንደመጡ አቤት አሉ። አቶ በዳዳ፣ ሞተርማ አላት፣ እንደ ወፍጮዬ ያለ ነው አላቸው። በቤንዚን አይሠራም፣ ማርሽ የለው፣ መብራት ሲያገኝ ይዞራል፣ ብዙ ስትሰጠው ብዙ ይዞራል፣ በቃ። አባባ ሰባ ዓመት ሙሉ ያላሰቡትን ነገር አሰቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጽጌ፣ ማርሽ የላትም?"

"የላትም አባባ።"

"ታዲያ ቅድም ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ ስትቀይሪ የነበረው ምንድነው?"

እጄን አንስቼ፣ በአየር ላይ እንዴት እንደቀየርኩ አሳየኋቸው። አቶ በዳዳ ቀድሞ ፈነዳ። አባባ ትራሱን ፈለጉ፣ አጠገባቸው አልነበረም፤ ወይዘሮ ዲንቄ ሮጣ አምጥታ ሆዳቸው ላይ ያዘችላቸው። እያመማቸው ይስቃሉ፣ ይስቃሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። "አታስቁኝ፣ ልፈታ ነው" ይላሉ። እኔ ደንግጬ ስፌቱን ልይልዎት አልኩ። የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ በመኪና ከሠራሁባቸው ይልቅ ያ ሳቅ ነው የጎዳቸው። ስናየው ስፌቱ እንደነበረ ነው። ጥሩ የሰፋ ሰው ነው የሰፋቸው፤ በሙያዬ እመሰክራለሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ባትሪው እስከሚበቃን ሞልቶ ነበር። አቶ በዳዳ ክፍያ ስናወራ ጀርባውን ሰጥቶን ወፍጮውን ማጽዳት ጀመረ። ወይዘሮ ዲንቄ ስትመለሺ ሳታዪኝ እንዳታልፊ ብላ አስማለችኝ።

አባባ ከኋላ አልተኛም አሉ። የፊተኛውን ወንበር ለጠጥ አድርገን ከጎኔ ተቀመጡ። ማርሹን ተዉት፣ መንገዱን ግን ያዙት። ከፊትሽ ያለውን መኪና አትዪ፣ ከሱ ፊት ያለውን እዪ አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሌላም ብዙ ነገር አሉኝ፣ እሱ ግን ሁሉም ልክ አልነበረም፤ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ያዥ ብለው ጀምረው ራሳቸው አቋረጡት። እኔ ደግሞ እግሬን ሳነሳ ራሷ እንደምትይዝ፣ የያዘችውም ወደ ባትሪ እንደሚገባ ስነግራቸው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። በየቁልቁለቱ፣ ገባ፣ ገባልሽ እያሉ ይነግሩኝ ጀመር።

ደብረ ጽጌን አለፍ ብለን፣ ማዶ ከጎን መንገድ የፈረስ ጋሪ ወደ አስፋልቱ ሲያመራ አየሁ። ሐሙስ ዕለት ቢሆን እስክደርስበት እነዳና እረግጥ ነበር። የእግር ጣቴን ቀስ ብዬ አላላሁ። መኪናዋ ረገብ እያለች፣ እያለች፣ ፈረሱ አስፋልቱን ተሻግሮ ሲጨርስ ፍሬን ሳልነካ እዚያ ደረስን፣ እንደገና ቀስ ብዬ ሰጠኋት። አባባን በጎን አየኋቸው። ትራሱ ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ነው፣ እጃቸውን እንኳ አላነሱበትም። ለኔ በቂ ነበር።

ደብረ ሊባኖስ መገንጠያውን አለፍን። ስለ ገደሉና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ፤ እኔ ዓይኔን ከአስፋልቱ አላነሳሁም።

ከፍቼ ወጣ ብሎ ያለው ቤታቸው ስንደርስ ማኅበርተኛው ገና እየገባ ነበር። ግማሹ መኪናዋ መምጣቷን አልሰማም፤ ዞር ሲሉ ደጃፉ ላይ አባባ ደምሴ ቆመዋል። እማማ፣ ባለቤታቸው፣ ከጓዳ ወጥተው ሲያዩዋቸው አቅፈው ሊይዟቸው ሄዱና ትራሱን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ብቻ ሳሙ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ድፎው ተቆረሰ። በወተት በኩል ያለብኝን የዓርብ ዕዳ እዚያ ከፈልኩ።

መንገድ እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቋቸው አባባ፣ "ምራቴ በወፍጮ አመጣችኝ" አሉ። ማብራሪያው ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ በመሃል ሁለት ጊዜ ትራስ አስፈለገ።

ሰዉ ሲሄድ ስልኬን አምጪ አሉኝና ለሰለሞን ደወሉ። በሰላም መድረሳቸውን ነገሩት። ከዚያ፣ "አንተም መንዳት ልመድ። ጽጌ ታስተምርህ። እኔ ያኔ ጮህኩብህ እንጂ አላስተማርኩህም" አሉት። ሰለሞን ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። አባባ ብቻ ስልኩን ሲመልሱልኝ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር።

እሑድ

ሌሊቱን እዚያው ስትሞላ ባደረችው መኪና ብቻዬን ተመለስኩ። ቃሌን አክብሬ ሙከጡሪ ላይ ወይዘሮ ዲንቄ ዘንድ ወረድኩ። አፉ ድረስ ያልሞላ አንድ ትንሽ ጀሪካን እርጎ ይዛ ጠበቀችኝ። ልጇ ሲፈን ጳውሎስ ሕክምና ትማራለች፤ ከቤትሽ ቅርብ ናትና አድርሺልኝ አለች። ሌላ ጊዜ በሚኒባስ ነው የምልክላት፣ ዛሬ አንቺን እግዚአብሔር አመጣልኝ አለችኝ።

ይህን እርጎ ሳይነካካ አደርሳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ጀሪካኑን ከጎኔ ባለው መቀመጫ ላይ አስቀምጬ በቀበቶ አሰርኩት፣ ጫማዬን አወለቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ሩቅ አያለሁ፣ ቀስ ብዬ እሰጣለሁ፣ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብዬ አነሳለሁ። ጉድጓዱን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያውን ዞሬ አልፋለሁ። ሚኒባሶች ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፉ ሲያልፉኝ ሹፌሮቹ ምን ዓይነት በሽተኛ እንደጫንኩ ሊያዩ አንገታቸውን ያወጣሉ፤ የሚያዩት በቀበቶ የታሰረ ጀሪካን ነው።

ከሱሉልታ በላይ ጫፉ ላይ ስደርስ ጉለሌ ከነባሕር ዛፉ፣ ከነቆርቆሮው ከታች ተዘርግቶ ታየኝ። ሲወጡ ባትሪዬን የበላው ዳገት ሲወርዱ ይመልሰው ጀመር። ቢኒያም ደወለና ግራ ተጋብቶ፣ የት ነው የሰካሻት፣ ቻርጅ እየጨመረች ነው አለኝ። የትም አልሰካኋትም፣ ወደ ቤት እየወረድኩ ነው አልኩት። ድምፁ ውስጥ አክብሮት ብጤ ሰማሁ፤ ተሳስቼም ሊሆን ይችላል።

ሲፈን ጳውሎስ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ እናቷን የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት። ጀሪካኑን በሁለት እጄ፣ እንደ ታቦት ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አወረድኩላት። አመስግና ክዳኑን ከፈተች፣ አጎንብሳ አየች። ነቅነቅ አደረገችው። እንደገና አየች። ፊቷ ተቀየረ።

"በምን አመጡት?" አለችኝ።

በወንድሜ መኪና እንዳመጣሁት፣ ምንም እንዳልነካካው፣ እንደተሰጠኝ እንደደረሰ በኩራት ነገርኳት።

ልጅቷ ጨዋ ስለሆነች ለመናገር ተቸገረች። በመጨረሻ ግን አስረዳችኝ። እናቷ እርጎውን የምትልከው ሆን ብላ ጀሪካኑን አጉድላ ነው። ሚኒባሱ ከሙከጡሪ እዚህ እስኪደርስ ሲንጠው ይመጣል፤ ሲደርስ ቅቤው ከላይ ወጥቶ ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ አሬራ ይሆናል። ቅቤውን ለወጥና ለፀጉር፣ አሬራውን ለመጠጥ። የዶርም ጓደኞቿ በሙሉ ዛሬ ቅቤ ይመጣል ብለው እየጠበቁ ነበር።

ምን ይባላል? እዚያው ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጀሪካኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መናጥ ጀመርኩ፤ ሲደክመኝ ትቀበለኛለች፣ ሲደክማት እቀበላታለሁ። ከፋርማሲ የሚወጣው ሰው ሁሉ እያየን ያልፋል። ክዳኑን ከፍተን ስናይ ገና እርጎ ነው።

ተራ የሚጠብቅ የሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተደግፎ ሲያየን ቆይቶ ወደ እኛ መጣ። ነገሩን ሲፈን ነገረችው። ጀሪካኑን ተቀብሎ መዘነው፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ ነቀነቀው፣ እንደ ባለሙያ ራሱን ወዘወዘ።

"ስጡኝ" አለ፤ "ሸጎሌ ደርሰን ስንመለስ ቅቤው ይወጣል።"

ሰጠነው።